ሁለት ወር ይበቃታል

ጅቡቲ፣ ካርቲየ 1
ነሐሴ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህቴ ለወይዘሮ ማይሙና፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እርስዎ፣ ቤትዎና ጎረቤትዎ ሁሉ እንደምን ሰነበታችሁ? ድሬዳዋ ዝናብ ጣል አድርጎ አየሩ ቀለል ብሏል ብላ ዓዚዛ አጫወተችኝ። እኛ ዘንድ ያ ትኩስ ነፋስ፣ ኻምሲኑ፣ ገና አልለቀቀንም። መብራት በቀን ሁለት ሦስቴ ይሄዳል፤ ሱቁ ውስጥ የደረደርኩት ጣቃ ሁሉ አቧራ አቧራ ይሸታል። ከዚህ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

«ለምን በስልክ አንጨርሰውም?» ብለው በዓዚዛ በኩል መጠየቅዎ አይፈረድብዎትም። በስልክ የሆነውን ግን አይተናል። የኢማድ እህት ሰብሪና ተናዳ የላከችውን የድምፅ መልእክት በአንድ ቀን ግማሽ ድሬዳዋ ሰማው። ከዚያ በኋላ ባልና ሚስቱ መታረቅ ቢፈልጉ እንኳ የሚታረቁበት ፊት አልቀረላቸውም። ስለዚህ እኔ የኢማድ አጎት፣ እርስዎ የጀዋሪያ አክስት፣ ከሁለቱ ቤት ለሽምግልና የተመረጥን ሁለት ሰዎች፣ ነገራችንን በወረቀት እናድርገው። ወረቀት ሳይላክ ያድራል፤ ሰው የጻፈውን ጠዋት አንብቦ ሊቀደው ይችላል። ዓዚዛ ለንግዷ በወር ሁለት ጊዜ በባቡር ስለምትመላለስ እሷ ታደርስልናለች።

ፍቺው አልቋል። ያልጨረስነው የነጅማን ጉዳይ ነው። ሰባት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል፤ እኛ እስክንወስን ድረስ እዚህ ከአባቷ ጋር ናት። የት ትኑር፣ የት ትማር፣ መቼ የማን ትሁን፣ ይህን ጽፈን ብናቀርብ ቃዲው ያጸድቀዋል።

አባቴ ሐረር ሰው ሲያስታርቁ አንድ ደንብ ነበራቸው። የባል ወገን ሽማግሌ ለሚስት ይጠይቃል፤ የሚስት ወገን ሽማግሌ ለባል። ለራሱ ልጅ የሚጠይቅማ ጠበቃ እንጂ ሽማግሌ አይደለም ይሉ ነበር። እርስዎ ካልተቃወሙ በዚህ ደንብ እንሂድ። እኔ ስለ ጀዋሪያ ልጠይቅዎ፤ እርስዎ ስለ ኢማድ ይንገሩኝ።

ያሰብነው እንዲህ ነው። ነጅማ ጅቡቲ ትማር፤ ፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ቦታ ተይዞላታል። ክረምቱን፣ ከሰኔ 20 እስከ ነሐሴ 20፣ ድሬዳዋ ከእናቷ ጋር ትሁን። ሁለት ወር መሆኑ ነው። ጀዋሪያ ምን ትላለች? ይበቃታል ወይስ ያንሳታል? ትምህርት ሊከፈት ስለሆነ ወሩ ሳያልቅ መልስዎን እጠብቃለሁ።

ወንድምዎ ሙጠሊብ

*

ድሬዳዋ
ነሐሴ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሐጂ ሙጠሊብ፣

ወዓለይኩም ሰላም ወራህመቱላህ። እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎስ? ደብዳቤ ከጻፍኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ ፊደሌ ቢያስቅዎት ብቻዎን ይሳቁ፣ ለሰብሪና እንዳያሳዩብኝ። እኛ በአላህ ፈቃድ ደህና ነን። ዝናቡ ሁለት ቀን ጥሎ ቆመ፤ ቀፊራ ገበያ ጭቃው አላስኬድ ብሎ ሰነበተ።

ደንቡን ወድጄዋለሁ። እንግዲያው ስለ ኢማድ ልናገር። ክፉ ባል ነበር ማለት አልችልም፤ ቤቱን አላጎደለም። ልጁን ይወዳል። «ልጄን በስልክ አላሳድግም» ማለቱን ሰምቻለሁ፤ እውነቱን ነው። ልጅ የአባቷን ጥላ ለምዳ ብታድግ መልካም ነው።

ስለ ጀዋሪያ መጠየቅዎ ትልቅነትዎ ነው። እሷ እናንተ ካላችሁት የምትወጣ ልጅ አይደለችም። ዘጠኝ ዓመት ክፉ ያላየችበት ቤት ነው፤ ዛሬ ተነስተን ብንከራከራችሁ ሰው ምን ይለናል? ሁለት ወር ይበቃታል። እናንተ እንዳያችሁት ይሁን።

ልትጽፍልዎ ወረቀት ይዛ ተቀምጣ ነበር። ቀደደችው። ሰላም በይልኝ ብላለች።

እህትዎ ማይሙና

*

ጅቡቲ
ነሐሴ 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህቴ ለወይዘሮ ማይሙና፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጉልበቴን ጠይቀዋል፤ ደረጃ ካልወጣሁ አያስቸግረኝም። ፊደልዎ ከእኔ ይሻላል።

መቸኮሌን ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ በማግስቱ ወረቀቱን አስተየብኩ፤ በሦስተኛው ቀን ማኅተም አረፈበት። ቅጂውን ዓዚዛ ይዛለች። ከትምህርቱና ከክረምቱ ሌላ፣ ልጅቷ በሌለችበት ወገን ያለው ወላጅ በየዓርቡ በስልክ ያገኛታል። ዒድ አንድ ዓመት እዚህ፣ አንድ ዓመት እዚያ። ኢማድ አንድ ሐረግ አስገብቷል፤ ሁለቱ ወር የእናቲቱ የሚሆኑት «ድሬዳዋ ተቀምጣ ልጅቷን የምትቀበልበት ቤት እስካላት ድረስ» ነው ይላል። ልጁ የት እንዳለች ማወቅ ስለፈለገ ነው እንጂ ክፋት አላየሁበትም።

ጀዋሪያ ስላልነበረች እርስዎ ወኪሏ ሆነው የጻፉት ቃል እንደ ፊርማ ተወስዷል። «ሁለት ወር ይበቃታል» የሚለው መስመር ተሰምሮበት ደብዳቤው ከወረቀቱ ጋር ተያይዟል።

ነጅማ ትናንት ትምህርት ጀመረች። ቦርሳዋ ከእሷ ይበልጣል። ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

ሙጠሊብ

*

ድሬዳዋ
ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሐጂ ሙጠሊብ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? መዘግየቴን ይቅር ይበሉኝ፤ ዓዚዛ ሁለት ጊዜ መጥታ ባዶ እጄን ሸኘኋት።

ጀዋሪያ ደህና ናት ወይ ብለው በዓዚዛ በኩል ላሉኝ፣ ደህና ናት። ትበላለች ወይ ላሉኝ፣ ትበላለች። ቤት መዋል ስላልሆነላት ሥራ እየጠያየቀች ነው። ወረቀቱን አነበበችው። የእኔ ደብዳቤ የተያያዘበት ጋ ስትደርስ አጣጥፋ መለሰችልኝ።  

ጥቂት ነገር ልጠይቅዎ ነበር። የልጅቷን ፀጉር ማን ይሠራላታል? የላይኛው ጥርሷ ይነቃነቅ ነበር፣ ወለቀ? ስትተኛ የኮሪደሩ መብራት ይበራላታል ወይስ ጨለማ ነው? እኔ እጄን ብቻ ነው ያዋስኩት፣ ጥያቄው የእናቷ ነው።

ሌላም አለ። ዓርብ ስትደውል ሰብሪና አጠገቧ ስለምትቀመጥ ልጅቷ «ደህና ነኝ» ከማለት አታልፍም። ሰብሪና ለዚያች አሥር ደቂቃ ሌላ ክፍል ብትሆን ደግ ነበር። ካስቸገረ ይቅር።

ማይሙና

*

ጅቡቲ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህቴ ለወይዘሮ ማይሙና፣

ሰላምታዬ ብዙ ነው፤ ይቅርታዬ ግን ይበልጣል። አራት ወር ሙሉ በዓዚዛ አፍ «ደህና ነን» ብቻ ሳስልክ ከረምኩ። ኢማድ ዕቃ ለማምጣት ዱባይ ይመላለሳል፤ ሱቁ ሁሉ በእኔ ላይ ወድቋል።

ለጠየቁት ልመልስ። ጥርሱ በኅዳር ወለቀ። ፀጉሯን ሰብሪና ሐሙስ ሐሙስ ትሠራላታለች፤ ታጠብቀዋለች መሰለኝ ዓርብ ዓይኗ ተወጥሮ ይውላል። የኮሪደሩ መብራት ይበራላታል።

ስለ ስልኩ ለሰብሪና ልነግራት አስቤ ሳልነግራት ቀረሁ። «ካስቸገረ ይቅር» ስላሉኝ ቀለለኝ። በኋላ ግን ሌላ ዘዴ አገኘሁ። ከታኅሣሥ ጀምሮ ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ነጅማን ሱቄ አመጣታለሁ፤ ከእናቷ ጋር ጣቃው ላይ ተቀምጣ ትነጋገራለች። እኔ በር ላይ ወጥቼ እቆማለሁ። አሁን ወሬዋ አያልቅም።

ባለፈው ዓርብ ያለችውን ልንገርዎና ይሳቁ። ስልኩን እንደዘጋች «አባባ ሐጂ፣ እማዬ ያለችበት መርከብ ይጮኻል» አለችኝ። ድሬዳዋ መርከብ የለም፣ የሰማሽው ባቡር ነው አልኳት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ባቡርና መርከብ ለይቼ አውቃለሁ። ስልኩም ውስጥ ጮኸ፣ ውጭም ጮኸ፣ እኩል» አለች። ለልጅ እናቷ ያለችበት ሁሉ ቅርብ ነው። ለመሆኑ ጀዋሪያ ሥራ ያገኘችው ባቡር ጣቢያው አካባቢ ነው?

ሙጠሊብ

*

ድሬዳዋ
የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሐጂ ሙጠሊብ፣

ለረመዳን በሰላም ያድርስዎ። ጾሙን አላህ ያቅልልዎ።

ልጅቷን ሱቅዎ ስለሚያመጧት ምስጋናዬን እዚህ ወረቀት ላይ አልጨርሰውም።

ባቡር ነው፣ ሐጂ። ባቡር ይሆናል የሰማችው። ለኢማድ ግን ይህን ጨዋታ ባይነግሩት ጥሩ ነው፤ ነገር ያበዛ እንደሆነ ብዬ ነው።

ማይሙና

*

ጅቡቲ
ሰኔ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህቴ ለወይዘሮ ማይሙና፣

እንደምን ሰነበቱ? ሁለቱ ዒዶች በሰላም አለፉ። አረፋ እለት ነጅማ ሙሉ ቀን ከቤት ቤት ስትዞር ዋለች፤ ለመጀመሪያው ዒድ የተገዛላት ጫማ ጠቧት ኖሮ ማታ ተረከዟ ቆስሎ አገኘነው።

ማን ያመጣታል ላሉኝ፣ ዓዚዛ ናት። ሰኔ 20 ከነጋድ ባቡር ጣቢያ እኔ ራሴ አሳፍራታለሁ። የኬላው ማለፊያ ወረቀት ወጥቷል፤ ኢማድ ፈርሞበታል። እስከ ነሐሴ 20 ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ ቀኗን አደራ። እሱ እስከ ነሐሴ እኩሌታ ዱባይ ይቆያል።

ልጅቷ ከአሁኑ ሻንጣዋ ላይ ትተኛለች። ትናንት ከሱቅ መልስ ራስ ዲካ ወርደን ነበር። በውሃ መያዣ ጠርሙስ ባሕር ቀድታ ክዳኑን እኔ እንዳጠብቅላት ሰጠችኝ። ምን ሊያደርግልሽ ነው ብላት፣ «እማዬ እዚህ ስትኖር ማታ ማታ ባሕር ታየኝ ነበር። ድሬ ባሕር የለም። ናፍቋት ይሆናላ» አለችኝ። ዓዚዛ ባቡሩ ውስጥ እንዳትጥልባት ነግሬያታለሁ።

ጀዋሪያን ሰላም ይበሉልኝ። እንግዲህ ሁለቱ ወር የእሷ ናቸው።

ሙጠሊብ

*

ድሬዳዋ
ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሐጂ ወንድሜ፣

ልጅቷ በደህና ገብታለች። ጠርሙሷም አልፈሰሰም። እናቷ ግን እዚህ የለችም።

በስልክ ልነግርዎ ሁለት ጊዜ ቁጥርዎን ነክቼ ተውኩት። ቃላችን በወረቀት ነው፤ ደግሞም በስልክ አለቅሳለሁ።

ጀዋሪያ ከጥር ጀምሮ ጅቡቲ ናት። ሀራሙስ ሰፈር፣ አንድ የውጭ አገር ቤተሰብ ቤት ተቀጥራ እዚያው ታድራለች፤ ታጥባለች፣ ታበስላለች። ነጅማ የሰማችው መርከብ ነበር፤ ልጅቷ አልዋሸችም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ስትሄድ ከለከልኳት። «አክስቴ፣ ከልጄ ጋር አንድ ከተማ ልሁን እንጂ ሌላ አልፈልግም» አለችኝ። ወደ ትምህርት ቤቱ እየሄደች ከሩቅ አያታለሁ ብላ ነበር። ዕረፍቷ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ዓርብ ከሰዓት ሆነ። ዓርብ ደግሞ እናንተ አገር ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ይህን ሁለታችንም አላሰብነውም። ሱቅዎ እንዳትመጣ በሩ ላይ የሚቆሙት እርስዎ ነዎት፤ ያውቋታል።

በስድስት ወር አንድ ጊዜ አይታታለች። ለዒድ ሰሞን፣ ካርቲየ 1 ገበያ ውስጥ፣ ከሰብሪና ጋር ጫማ ስትለካ። እሷ ፊቷን ሸፍና ሦስት እርምጃ ርቃ ቆመች። ጫማው እንደጠበባት አየች፤ ተናግራ መግባት አልቻለችም። ደብዳቤዎ ላይ ስለ ተረከዟ ሳነብ ይህን ለመጻፍ ቆረጥኩ።

ለምን አልተናገረችም እንዳይሉ። እናቲቱ ድሬዳዋ እስካለች የሚለውን ሐረግ ያውቁታል። ኢማድ ሰው ቤት ተቀጥራ እንደምትኖር ከሰማ ሁለቱ ወርም ይቀሩባታል። ለሰኔ ልመጣ ነው ስትል ከረመች፤ ማዳም ፈቃዱን ገፋችው። ማዳም አሁን ለክረምት አገሯ ሄዳለች፤ የጀዋሪያ ፓስፖርት እሷ በቆለፈችው መሳቢያ ውስጥ ነው። ነሐሴ 19 ትመለሳለች፤ የጀዋሪያ ፈቃድ ነሐሴ 21 ይጀምራል።

አሁን አንድ ነገር ልበልዎ፤ ከተቀየሙኝ ልክ ነዎት። ያን ጊዜ ይበቃታል ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ጀዋሪያ አጠገቤ ነበረች። ያለችኝን አልጻፍኩልዎትም። ሐጂ፣ ሰው ቤት ስንሄድ ብሉ ሲሉን መጀመሪያ እምቢ እንላለን፤ ሁለተኛም እምቢ እንላለን። ደጋግመው ይጠይቁኛል ብዬ ነበር። ወዲያው ብንከራከር ነውር መስሎኝ ነበር። አንድ ጊዜ ጠየቁኝና ማኅተም አስመቱበት።

ማይሙና

*

ጅቡቲ
ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለማይሙና፣

ሰላም ለእርስዎና ለነጅማ። አልተቀየምኩዎትም።

ሄደው አዩዋት ወይ ብለው በዓዚዛ ልከውብኛል። አይቻታለሁ። ሀራሙስ ቤቶቹ ሁሉ ነጭ ስለሆኑ አንድ ሰዓት ዞርኩ። የበሩ ጠባቂ የኛ አገር ሰው ነው፤ ጉታ ይባላል። ልግባ ስለው «ማዳም ማንም አይግባ ብላለች፣ ሐጂ። ማንም አይቀመጥ ግን አላለችም» ብሎ የራሱን ወንበር አውጥቶ ጥላው ሥር አስቀመጠኝ። ሄዶ ጠራልኝ።

ጀዋሪያ ከስታለች። እጇ በሳሙና ተልጧል። የበሩን ብረት በመሃላችን አድርገን ተነጋገርን። ልጅቷን ከቀኗ በፊት በሚመጣው ባቡር ላስመልሳት፣ እዚሁ አምጥቼ ላሳይሽ አልኳት። ልጅቷ ከተመለሰች ኢማድ ለምን ብሎ ይጠይቃል፤ ደግሞ በዚህ ልብስ፣ በዚህ በር አታየኝም አለች። ለኢማድ እንዳልነግርባትም ለመነችኝ።

«ሁለቱን ወር ይነጥቀኛል» አለች።

«ልጄ፣ ሁለቱ ወር እኮ እየሄዱ ነው። አንቺ እዚህ ነሽ» አልኳት።

«ቢሆንም የእኔ ናቸው» አለችኝ።

 ጉታ ውሃ አመጣልኝ። ጠጥቼ ተነሳሁ።

ቤት ገብቼ ለኢማድ ዱባይ ደወልኩ። ምክንያቱን ሳልነግር የመመለሻዋን ቀን በአሥር ቀን እንግፋው አልኩት። «አጎቴ፣ ወረቀቱን የጻፉት እርስዎ ነዎት። ዛሬ አሥር ቀን ከሰጠሁ ነገ ወር እባላለሁ» አለኝ። የኬላው ወረቀት እንዲታደስ የእሱ ፊርማ ያስፈልጋል። በእጄ ያለው የደብዳቤዎቻችን ቅጂ ብቻ ነው።

ስለዚያ ጥያቄ የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩ። አርባ ዓመት ጅቡቲ ብኖርም ያገር ደንብ አልረሳሁም። «ሁለት ወር ይበቃታል» ያሉት እንደማይበቃት ገብቶኝ ነበር። «ሰው ምን ይለናል» ከሚለው ጎን ተጽፎ ሳየው ገባኝ። ሁለተኛ ብጠይቅዎ እውነቱን እንደሚነግሩኝ አወቅኩ፤ ለወንድሜ ልጅ አዳላሁ። በአባቴ ደንብ እየማልኩ ጠበቃ ሆንኩ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ሙጠሊብ

*

ድሬዳዋ
ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሐጂ ወንድሜ፣

ደብዳቤዎን ካነበብኩ ወር ሊሆነኝ ነው። ያቆየኝ ስለ ራስዎ የጻፉት ነው። እሱን አላህ ያውቅልዎ። እኔም ከእርስዎ የተሻልኩ አይደለሁም።

ልጅቷን ምን አልሻት ላሉኝ፣ እናትሽ ሥራ ላይ ናት፣ ሩቅ ነው ብያት ነበር። መጀመሪያ ሰሞን በር በሩን ታያለች። ደቻቱ ወንዝን ወስጄ ባሳያት፣ አሸዋውን አይታ «ውሃውን ማን ጨረሰው?» ብላ ሰዉን ሁሉ አሳቀች። ጠርሙሷን መስኮት ላይ አስቀምጣ ማንም እንዳይነካባት ከለከለች።

ዓርብ ዓርብ ጀዋሪያ ትደውላለች። ባለፈው ዓርብ መርከቡ እንደገና ጮኸ።  ስልኩን ከዘጋች በኋላ ልጅቷ «እማዬ እኛ ከተማ ናት። እኔ እሷ ከተማ ነኝ። ማን ነው እንዲህ ያደረገን?» አለችኝ።



ከዚያ የመጣውን ሳልደብቅ ልንገርዎ። በዚያኑ እለት ማታ አባቷ ደወለላት፤ በደንቡ መሠረት የእሱም ቀን ዓርብ ነው። ከአጠገቧ አልተነሳሁም፤ እኔም እንደ ሰብሪና ሆንኩ። አልጠቀመም። «አባዬ፣ እማዬ ጅቡቲ ናት፣ መርከቡን ሰማሁት። ሂድና ፈልጋት» አለችው። አባቷ ይደሰታል ብላ ነው የነገረችው።

ማይሙና

*

ጅቡቲ
ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለማይሙና፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ለጠየቁት ሁሉ በየተራ ልመልስ።

ነጅማ ነሐሴ 20 በሰዓቷ ደረሰች። ጣቢያ እኔ ልቀበላት፣ ከቤት በፊት በሀራሙስ በኩል ላሳልፋት አስቤ ነበር። ለጉታ ነግሬው ነበር፤ ጀዋሪያም የሥራ ልብሷን ቀይራ እንደምትጠብቅ ልካብኝ ነበር። ኢማድ ግን ከዱባይ ተመልሶ ቀድሞኝ የባቡሩ መውረጃ ላይ ቆሟል። ልጁን አቅፎ መኪና ውስጥ አስገባ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

«አጎቴ፣ እርስዎም ያውቁ ነበር?»

አዎ አልኩት። ከመቼ ጀምሮ ብሎ ጠየቀኝ፤ ከሐምሌ አልኩት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ትከሻዬን ሳመኝና «ከእንግዲህ ሽማግሌ አልፈልግም» ብሎ ሄደ። ትናንት በጠበቃ በኩል ማመልከቻ አስገብቷል። እናቲቱ ድሬዳዋ አልነበረችም፣ ሐረጉ ፈርሷል ይላል። ሐረጉ እውነት ፈርሷል። የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ አላየሁትም ማለት አልችልም። የነጅማ የዓርብ ስልክም ጉዳዩ እስኪታይ በሰብሪና ቤት እንዲሆን ተደርጓል።

ለጀዋሪያ እኔ ነኝ የነገርኳት። በበሩ ብረት ላይ ግንባሯን አስደግፋ ሰማችኝ። ማዳም ፓስፖርቱን መለሰችላት፤ ቃዲው ቢጠይቅ ድሬዳዋ ልገኝ ብላ ነሐሴ 22 ባቡር ተሳፍራለች። ልጇ ወደዚህ በመጣች በሁለተኛው ቀን መሆኑ ነው። ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እሷ አጠገብዎ ትሆናለች።

ከእንግዲህ የምጠይቅበት ሥልጣን የለኝም። መልስዎን ወስጄ የምሰጠው ሰውም የለም፤ ኢማድ በሬን አያንኳኳም፣ ጠበቃውም አያውቀኝም። ይህን አውቀው ያንብቡኝ። በአባቴ ደንብ የጀመርኩትን ሳልጨርስ መሞት ስለማልፈልግ ነው የምጠይቅዎ።

ጀዋሪያ ምን ትፈልጋለች?

ያላችሁት ይበቃል እንዳይሉኝ። አልቀበልዎትም። ጀዋሪያ ምን ትፈልጋለች?

አሁን ምን ይጠቅማል እንደሚሉኝም አውቃለሁ። እሱንም አልቀበልም። ለሦስተኛ ጊዜ እጠይቅዎታለሁ፣ እህቴ፤ ጀዋሪያ ምን ትፈልጋለች?

ሙጠሊብ

*

ድሬዳዋ
መስከረም 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጇን ትፈልጋለች።

ያን ጊዜም ያለችኝ ይህንኑ ነበር።

ማይሙና